ሙክት የተባለው አክሲዮን

ሥራ የጀመርኩት ዓርብ ቀን ነው። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ፣ ገበያው በሚቆምበት ዓርብ ቀን ሥራ መጀመር ጥሩ ሐሳብ አይደለም። የተከራየኋት ክፍል መስኮቷ ወደ በግ ተራው ነው የሚከፈተው። አለቃዬ አቶ ዳኛቸው ደግሞ አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ነው የሚያሠሩኝ።

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«በግ ነው፣ ጋሼ።»

«ቢሮህ ውስጥ?»

«ከመስኮቱ ሥር።»

«እንግዲህ የኛም ሥራ ገበያ ነው» ብለው ቀጠሉ።

ሥራችን አክሲዮን መቼ እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚሸጥ የሚጠቁም ፕሮግራም መሥራት ነበር። ጥቆማውን ሲግናል እንለዋለን። የሰው ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ሲግናሉን ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ እንፈትነዋለን፤ ይህ ባክቴስት ይባላል። ሙያውን ብቻዬን፣ ከስልኬ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ሲግናል ለምን በየዓመቱ በዚያው ሰሞን «ሽጥ» እንደሚል ማጣራት ነበር። ምክንያቱን አገኘሁት። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ሲከፍል ዋጋው በከፈለው ልክ ይወርዳል። ፕሮግራማችን ኩባንያው የታመመ ይመስለውና ይሸጣል።

ነገሩን በመስኮቱ ሥር ለሚውሉት በግ ነጋዴ ለአያ ተገኘ ነገርኳቸው።

«በግ ወልዳ ሆዷ ጎደለ ብሎ ይሸጣታል?» አሉ። «ግልገሉን አያይም? ይሄ ማሽንህ የከተማ ልጅ ነው።»

ከክፍያው በፊት የነበሩትን ዋጋዎች በተከፈለው ድርሻ ልክ ዝቅ አደረግኋቸው። ቁልቁለቱ ጠፋ፤ ሲግናሉም ጨዋ ሆነ።

ግን የባክቴስቱ ትርፍ በአንዴ አሻቀበ። አቶ ዳኛቸው ተደሰቱ። እኔ ምክንያቱን የማላውቀው ትርፍ እንቅልፍ ይነሳኛል። የጠረጠርኩትን በኢሜይል ጻፍኩላቸው። «አንተ ልጅ፣ ትርፍ የሚያስከፋው ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብለው መለሱልኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ የወገዳ ከተማ ሴት የሟች ባላቸውን ወፍጮ ሸጠው፣ ሰኞ ሙሉ ገንዘቡን በእኛ ሲግናል ሊያስገቡ ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ አክሲዮን ፈጠርኩ። ዋጋው መቶ ብር ነው፤ አሥር ብር ድርሻ ይከፍላል፣ ዘጠና ይወርዳል፣ ዓመቱ ሲደርስ ተመልሶ መቶ ይገባል። ስሙን ሙክት አልኩትና ለማንም ሳልናገር ፕሮግራሙ የሚፈትናቸው አክሲዮኖች ዝርዝር ውስጥ ሸጎጥኩት።

ቅዳሜ ሦስታችን በስልክ ተሰበሰብን።

«በትርፍ አንደኛ የወጣው ሙክት ነው» አሉ አቶ ዳኛቸው። «ጠንካራ ኩባንያ ነው። ብዙ ጊዜ ተከታትዬዋለሁ።»

«ምን ይሠራል?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«በምግብ ዘርፍ ነው።»

«ድርሻ ይከፍላል?»

«በየዓመቱ! ሳያቋርጥ!»

«ጋሼ፣ ሙክት የሚባል ኩባንያ የለም» አልኩ። «ከትናንት ወዲያ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ስሌቱን አነበብኩላቸው።

«በመቶ ገዝተን በመቶ ሸጥን፤ አሥር ተከፈለን። ትርፉ አሥር ነው። ፕሮግራማችን ግን ሃያ ይላል። እኔ የመግዣውን ዋጋ በድርሻው ልክ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ እርስዎ የጻፉት የፕሮግራሙ ትርፍ ማስያ ደግሞ ያንኑ ድርሻ እንደገና ይደምረዋል። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።»

«ግልገሏን አንዴ ከናቷ ጋር፣ አንዴ ለብቻዋ ቆጠራችኋት ማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያውም የሙክት ግልገል!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። አቶ ዳኛቸው አልሳቁም።

ከሰዓት በኋላ አስተካክዬ አስላሁት። ትርፉ አክሲዮኖቹን ገዝቶ ዝም ብሎ ከመቀመጥም አነሰ። ሰኞ ገንዘቡ አልገባም፤ እትዬ ጥሩነሽ ሌላ ወፍጮ ማጠያየቅ ጀመሩ።

አቶ ዳኛቸው ደወሉ። «በደንበኛ ፊት ታዋርደኛለህ?»

«ጽፌልዎት ነበር፣ ጋሼ። ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ።»

«አርባ መስመር ኢሜይል ማን ያነባል!»

እውነታቸውን ነው። የዚያን ወር ደሞዜን ግማሹን ቆረጡ፤ ከሥራ ግን አላባረሩኝም።

እንደኔ ሲግናል የምትሠሩ ከሆነ፣ ለሲግናሉ በድርሻው ልክ የተስተካከለውን ዋጋ፣ ለግዢና ለሽያጭ በዕለቱ የነበረውን ዋጋ ተጠቀሙ፤ የትርፍ ድርሻን አንዴ ብቻ ቁጠሩ። ለአለቃ የምትጽፉትን ማስጠንቀቂያ የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉት።