መርማሪው የሳለው ሞለኪውል

ከወልቂጤ ወስደው ቡታጅራ እስር ቤት ሲያስገቡኝ ክፍሉ የተቀበለኝ በበርበሬ ሽታ ነው። ሽታው የመስቃን ገበሬ ከሆኑ አንድ አዛውንት እስረኛ ጋቢ ነበር የሚመጣው። ሦስቴ አስነጠሰኝ።

«ይማርህ መምህር፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ።

ጥፋቴ በከተማው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁለት ጥያቄ መጠየቄ ነው። መርማሪው ግን የኬሚስትሪ ምርምር ደብተሬን ነበር ሙጥኝ ያለው። ደብተሩ በፊደል፣ በቁጥርና በተቆራረጡ መስመሮች የተሞላ ነው። ግማሹን የጻፍኩት እኔ ስሆን ግማሹን የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፏን የማማክራት ተማሪዬ ናት። እሱ ግን እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ድብቅ ቡድን አባል ስም ነው ብሎ አምኗል።

«ሁለተኛው የእጅ ጽሑፍ የማን ነው?» ይለኛል። ብነግረው በማግስቱ እሷም ትታሰራለች። አምስት ቀን ሙሉ ያንኑ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አልመታኝም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

አዛውንቱ ደብተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

«ሞለኪውልን ኤሌክትሪክ አሸክመን እንሰብረዋለን፤ ምን እንደነበረ ከስብርባሪው እናውቃለን» አልኳቸው። «በጋዝ ደጋግመን ካጋጨነው ሙቀቱ መላ አካሉን ያዳርስና መጀመሪያ ላልቶ የተያያዘው ክፍል ይረግፋል። ኤሌክትሮን ካቀበልነው ግን ሙቀቱ ሳይዳረስ ዋናው አካል ይሰነጠቃል፤ የላላው ባለበት ይቀራል።»

ሳቁ። «ይሄማ የኛ በርበሬ ነው! ፀሐይ ላይ አስጥተህ ስታገላብጠው ስታገላብጠው ጭራው ይረግፋል። እሸቱን በቢላ ብትሰነጥቀው ግን ጭራው ከቁራጩ ጋር ይቀራል። አንተንም አስጥተውህ እያገላበጡህ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሳቸው ሳቅ አበረታኝ፤ መልሼ ዋጥኩት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው የተዘጋጀ ቃል አቀረበልኝ። አንዱን ሞለኪውል ከደብተሬ አይቶ ስሎ በየፊደሉ ጎን «አባል» ብሎ ጽፏል።

«ፈርምና ቤትህ ግባ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሥዕሉን ሳየው ግን አላስቻለኝም። የተሰበረውን መስመር ያለቦታው ነው ያሰመረው።

«በኤሌክትሮን ሲሆን እዚህ ጋ አይሰበርም» አልኩና ሰርዤ በትክክለኛው ቦታ አሰመርኩት። «አባል» የሚሉትንም አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ከሥሩ «ለደብተሩ ኃላፊው እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ፈተና እያረምክ ነው እንዴ?»

«አዎ። ግማሽ ማርክ ሰጥቼዎታለሁ።»

ለዚያ መልስ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ታስሬያለሁ። አልቆጨኝም።

ተማሪዬ ጽሑፏን ያቀረበች ዕለት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፈታኙ በጥያቄ ሲያጣድፋት ፈገግ ብላ ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ስላ አስረዳችው። ኩራቴ ከፊቴ ላይ ይነበብ የነበረ ይመስለኛል። እስር ቤት ውስጥ የሆነውን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ጽሑፏ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ስሟ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ታትሟል፤ የገባ ሁሉ ያነበዋል።