ባዶ መቀስ

ሰፈሩ «ቀጭቀጭ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከመቀሱ ነው። የታላቅ እህቱን የፖም ዛፎች ሲመለምል ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሙቀቱ ወራት፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሽቅብ የተመዘዙትን ለጋ ቅርንጫፎች እየቆረጠ ለፍሬው ፀሐይ ይከፍትለታል። አፉም ከመቀሱ እኩል ይሠራል፤ የፍራፍሬ ነጋዴውን ሳል ሲያስመስል ነጋዴው ራሱ ግራ ይገባዋል።

እህቱ ግን ቀልድ አይገባትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታበላው ከእነዚያ ዛፎች ነው። ወጥ ቤት ሆና ድስቷን እያማሰለች፣ ጆሮዋ ደጅ ነው። መቀሱ ዝም ካለ፣ «ተኛህ እንዴ አንተ?» ትላለች።

የዚያን ቀን እንደ ነጋዴው እየሳለ አንዱን ረድፍ ጨረሰና፣ የቆረጠውን ሊሰበስብ ወደ መጀመሪያው ዛፍ ተመለሰ። ጎንበስ ሲል አንዷን ቅርንጫፍ አየ። ጫፏ ጠቁሮ እንደ ከዘራ ታጥፏል፤ እሳት የለበለባት ትመስላለች።

ክው አለ። ይሄ በሽታ በመቀስ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል። ለዚህ ነው እህቱ ሁልጊዜ የአልኮል ጠርሙስ ኪሱ የምትከተው፤ «የታመመ ከነካህ ስለቱን ሳትነክር ንቅንቅ እንዳትል!» እያለች። ኪሱን ዳበሰ። ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው። ረድፉን ሙሉ የቆረጠው ደግሞ በዚያው መቀስ ነው።

«ምነው ቆመ?» አለች እህቱ ከውስጥ።

«አልቆመም እትዬ! እየሠራሁ ነው!»

መቀሱን አየር ላይ ያስጮኸው ጀመር። ቀጭ፣ ቀጭ። ምንም እንዳልተፈጠረ ለመምሰል የነጋዴውን ሳል ሞከረ፤ የታነቀች ዶሮ ድምፅ ወጣው።

እህቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ከች አለች። «አየር ነው እንዴ የምትቆርጠው? እንጨት እንዲህ አይጮህም። ምን ሆነሃል?»

ቅርንጫፏን ዘረጋላት። የጠቆረውን ጫፍ አየች፣ ረድፉን አየች፣ ከኪሱ ብቅ ያለውን የታሸገ ጠርሙስ አየች። አናቱን በማማሰያው እስክትለው ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የለም። ሲገልጥ መሬት ላይ ዘጭ ብላለች።

«ወይ ልጆቼ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ምነው በመታችኝ» አለ በልቡ።

የታመመውን ቅርንጫፍ ሁሉ ከጠቆረው ዝቅ ብለው፣ ጤነኛው እንጨት ላይ፣ በየቁርጡ ስለቱን እየነከሩ ቆረጡና አቃጠሉት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ የየዛፉን ጫፍ ይዳብሳል፤ በሙቀት የጠወለገ ቅጠል ባየ ቁጥር ልቡ ትዘላለች። አንድ ጠዋት ከታመመው ቀጥሎ ያለው ዛፍ ጫፍ ጠቁሮ ተገኘ። እሱን ከነሥሩ ነቀሉት። ሌሎቹ እስከ ለቀማ ዘለቁ።

ዘንድሮም ይመለምላል፤ ማንንም ግን አያስመስልም። መቀሱ በየመሃሉ ዝም ይላል፣ ሲነከር። እህቱም «ተኛህ እንዴ?» አትልም። ዝምታው ትንሽ ሲረዝም ግን፣ ማማሰያዋ ድስቱ ውስጥ ቀጥ ይላል።