ገብስን አስገባ

መጀመሪያ የደነዘዙት የእግሬ ጣቶች ናቸው። ሮቤ በሚገኘው ሱቄ ውስጥ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ እግሬ ሲሰንፍ ጨርቁ ላይ ወዲያው ይታያል፤ መስመሩ ተዛነፈብኝ። ጫማዬ ጠቦኝ ይሆናል ብዬ አወለቅኩ። ብርዱ ነው ብዬ ካልሲ ደረብኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰሞን ተቅማጥ ይዞኝ ስለነበር ድካሙ አልወጣልኝም አልኩ። በማግስቱ መደንዘዙ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ጉልበቴ ወጣ። ከሱቁ ደረጃ ስወርድ እግሬ ታጠፈና ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤቶቼ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ይህን የምጽፈው እግሩ ደንዝዞ ጫማውን ለሚወቅስ ሰው ነው። ለአስታማሚውም ነው፤ እንዲያውም ለአስታማሚው ይበልጣል።

ባለቤቴ ገመቹ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። በዚያው መኪና ጎባ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ። እግሬ አልተነሳም። ከጀርባዬ ፈሳሽ ቀዱ።

"ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል" አለኝ ሐኪሙ። "ሰውነትሽ ተቅማጡን ሲዋጋ ተሳስቶ የራስሽን ነርቮች መታ። የነርቮቹ ሽፋን ነው የተላጠው። ብዙ ሰው ይድናል። ግን ከመሻሉ በፊት ይብስበታል።"

ባሰ።

እጄ ሄደ። "በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪ" ይለኝ ነበር ሐኪሙ በመጣ ቁጥር። የምደርስበት ቁጥር እያነሰ መጣ። ከዚያ ድምፄ ሄደ። ፊቴ ሄደ። መዋጥ አቃተኝ። በአፍንጫዬ የምግብ ቱቦ ገባ። ኦክስጅን ተደረገልኝ። የመተንፈሻ ማሽኑ ከአልጋዬ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆመ። አዲስ አበባ እንዲልኩኝ ታስቦ ነበር፤ መንገድ ላይ ትንፋሼ ቢከዳኝስ ብለው ተዉት።

አእምሮዬ ግን ነበረ። ሁሉን እሰማለሁ። ሁሉን አያለሁ። እንደ ልቤ የማዛቸው ዓይኖቼን ብቻ ነበር። ነርሷ አንድ ዘዴ አበጀችልን፦ ወደ ላይ ካየሁ አዎ፣ ወደ ታች ካየሁ አይ። በዚያን ጊዜ የነበረኝ ቋንቋ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ጌሙ ልናገር፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ገመቹ መናኸሪያ ውስጥ ተራው እስኪደርስ ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጌም አለው። በየጫካው፣ በየሐይቁ እየዞሩ ጭራቆች ይይዛሉ፤ የያዟቸውን ያሳድጋሉ፣ ከሌሎች ጭራቆች ጋር ያጋጥማሉ። "ጢም ያለው ሰው ጭራቅ ይሰበስባል!" እያልኩ ስንት ጊዜ አሹፌበታለሁ። እሱ እቴ! ስም ሁሉ ያወጣላቸው ነበር። ቀይ ቀበሮ የሚመስለውን፣ እሳት የሚተፋውን ሳነቴ አለው። ከውሃ የወጣውን ቶጎና። ራሱ ላይ ቅጠል ያበቀለውን፣ ትንሹንና ደካማውን ደግሞ ገብስ።

አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጥ የሚያወራው ያልቅበታል። ደህና ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝ ነገር፣ መልሱን ያያል። እናም ስልኩን ለዓይኔ በሚመቸኝ በኩል ይዞ ይጫወታል፣ እያንዳንዱን ነገር ያስረዳኛል። ኤች ፒ የሚባለው አረንጓዴ መስመር የቀረው ጉልበት ነው፤ ሲቀንስ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። ልምድ ሲጠራቀም ሌቭል ይጨምራል። እያንዳንዱ ወገን በተራ ይመታል። እሳት ቅጠልን ያሸንፋል፣ ቅጠል ውሃን፣ ውሃ እሳትን። "ልምታ?" ይለኛል። ወደ ላይ አያለሁ። "መድኃኒት ልስጠው?" ወደ ታች።

አንድ ቀን "ሳነቴ ፓራላይዝድ ሆነ!" አለና ከንፈሩን ነከሰ። ሽባ ማለት ነው። ተናደድኩ። መናደዴን የማሳይበት ፊት ግን አልነበረኝም። እሱ ላብ ላብ እያለው ማስረዳት ጀመረ። "እንዲህ ማለት እኮ ከጨዋታ ወጣ ማለት አይደለም፣ የሺ። ጉልበቱ አለ፣ ይኸው ኤች ፒው። ተራው ሲደርስ አንዳንዴ አይንቀሳቀስም፣ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል።" ሐኪሙም የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ከገመቹ አፍ ሲወጣ ግን በደንብ ገባኝ።

የገመቹ አጨዋወት አንድ ጉድለት ነበረው። ሳነቴን ብቻ ነው የሚያዋጋው። ሳነቴ ከፍተኛ ሌቭል ላይ ደርሷል፤ ሌሎቹ ከተያዙ ጀምሮ ቁጭ ብለዋል። የሐይቁ አለቃ የሚባል የውሃ ጭራቅ መንገዱን ዘግቶበት በየቀኑ ሳነቴን ይልክበታል፣ በየቀኑ ይሸነፋል። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች ሌሎቹንም አሳድግ ሲሉት "እኔ የአንድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ አንዱን በደንብ መያዝ ይበቃኛል" ይላቸው ነበር።

እኔንም የሚያስታምመኝ እንደዚሁ ነበር። ቀን ይነዳል፣ ማታ ከአልጋዬ ሥር ይተኛል፣ ማለዳ ይነዳል። እናቴ በሕይወት የለችም፤ እህቴ ድሬዳዋ አራስ ናት። የእሱ እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ በአማርኛ እማማ ጫልቱ እንደማለት፣ ሮቤ አቅራቢያ ሲናና ናቸው፤ ግን አይጠሩም። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንጋባ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ በስልክ እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አደረሰዎ ተባብለን እንዘጋለን። ገመቹ ሚስቴን ራሴ አስታምሜ አድናለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር፤ እናቱ ደጅ ሄዶ አቃተኝ ማለት ሞት ሆኖበታል።

አንድ ከሰዓት እየሳቀ ገባ። ሳቁ ደስ አላለኝም። ጠዋት ከጎባ ወደ ሮቤ ሲመለስ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ስንዴ ውስጥ ገብቷል። ረዳቱ ጮኾ ነው የቀሰቀሰው። "ማንም አልተጎዳም፣ የገበሬው ስንዴ ብቻ" አለኝ። መጮኽ ፈለግኩ። አልቻልኩም። ፈራሁ። ከራሴ ሞት ይልቅ የእሱን ፈራሁ።

ስልኩን አወጣ። የሐይቁ አለቃ። ሳነቴ ቀይ ላይ ደርሷል።

"ልምታ?" ታች። "መድኃኒት?" ታች። "ስዊች ላድርግ? በሌላ ልተካው?"

ላይ።

"በቶጎና?" ታች። "በገብስ?" ታች። የያዛቸውን ሁሉ ጠራ። ታች። ታች። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠና አየኝ። እሱን አየሁት፤ በሩን አየሁ፤ ደግሞ እሱን።

"እኔን?"

ላይ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "በማን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ መልሱን ግን ያውቀው ነበር። "በእማዬ?"

ላይ።

አዴ ጫልቱ በማግስቱ መጡ። በፌስታል ፔርሙስ ይዘዋል። በአፍንጫ የሚገባ ምግብ ምግብ መስሎ አልታያቸውም፤ በሲናና ቤት የታመመ ሰው የገብስ አጥሚት ሳይቀምስ አይነሳም። ገመቹ መኪናውን ሊያቆም ወጣ ሲል በማንኪያ ቀድተው ከንፈሬ ውስጥ አፈሰሱት። "ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው።

ታነቅኩ። አየር የለም። ነርሶች ሮጡ። ጉሮሮዬን በማሽን መጠጡልኝ። በማግስቱ ትኩሳት መጣ። ሳንባዬ ተበከለ። አንቲባዮቲክ ተጀመረ።

"ጉሮሮዋ ገና አይውጥም" አላቸው ሐኪሙ። "በአፏ ምንም እንዳይሰጧት። ምንም።"

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጥግ ቆሙ። ገመቹ ተቆጣ፤ "ወደ ቤትሽ ልመልስሽ፣ እኔው አስታምማታለሁ" አላቸው። እኔን ዞር ብሎ አየኝ። ወደ ታች አየሁ። "ትሂድ እንጂ!" ታች።

እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። በጌሙ ስዊች በነጻ አይገኝም፤ አንድ ተራ ያስከፍላል። አዲስ የሚገባው ገና ሳይመታ ዱላውን ይቀበላል። ወዲያው ከመለስከው ሌላ ተራ ከፍለህ፣ የደከመውን መልሰህ ታስመታለህ። አዴ ጫልቱ ዱላውን ተቀብለዋል፣ እኔም ተቀብያለሁ፤ ለምን በከንቱ ይቀራል?

ቆዩ። ነርሷ እንዴት እንደሚገለብጡኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን እንዴት እንደሚያጥፉና እንደሚዘረጉ፣ ለቱቦው ራሴን ምን ያህል ቀና እንደሚያደርጉ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ማንንም አላስነኩኝም። ጀርባዬ በእሳቸው እጅ አልቆሰለም። በኦሮምኛ ጮክ ብለው ይጸልያሉ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ሲያጥቡኝ ቀስ ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል፣ ሲጨርሱ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ገመቹ ቤቱ እየተኛ፣ ፊቱ መልክ እየያዘ መጣ። ከሰዓት ሲመጣ ሦስታችን ሆነን ስልኩን እናያለን። አዴ ጫልቱ ጥቂት ካዩ በኋላ "እሳቱን ውሃው ላይ ምን ይሁን ብለህ ነው የምትልከው?" አሉት። እኔ ፊት ቢኖረኝ እስቅ ነበር። ገመቹ እያጉረመረመ ገብስን ማሳደግ ጀመረ፤ አንድ ተራ ገብስን ያስገባል፣ ወዲያው ሳነቴን ይተካል፣ ውጊያው ሲያልቅ ልምዱ ለሁለቱም ይካፈላል። እንዲህ እየሆነ ያ ደካማ ቅጠል ሌቭሉ ከፍ አለ።

"መጨረሻ የሄደው መጀመሪያ ይመለሳል" ብሎኝ ነበር ሐኪሙ፣ እንዳለውም ሆነ። ትንፋሼ ረዘመና ማሽኑ ሳይነካኝ ከአልጋዬ አጠገብ ተነስቶ ሄደ፤ መዋጥ ቻልኩና ቱቦው ወጣ፤ ፊቴ በአንድ በኩል ቀድሞ፣ በሌላው ዘግይቶ ነቃ። ድምፄ ሲመለስ ገመቹ ከአለቃው ጋር ገጥሞ ነበርና ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ደንግጦ ጆሮውን አስጠጋ። ምን ጠብቆ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ግን በሻከረ ድምፅ "ገብስን አስገባ" አልኩት። አስገባ። አለቃው ገብስን ሽባ አደረገው፤ አንድ ተራ አልተንቀሳቀሰም፣ ሁለተኛውንም አልተንቀሳቀሰም፣ ከዚያ ተንቀሳቀሰና ሐይቁን ከፈተልን። አዴ ጫልቱ እልል ሲሉ ነርሷ ልትቆጣ መጥታ አብራን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። በተሽከርካሪ ወንበር፣ በኋላ በምርኩዝ፣ በኋላ በገመቹ ክንድ ተደግፌ እየተንገዳገድኩ ነው የተራመድኩት፤ መጨረሻ የመጡት የእጄና የእግሬ ጣቶች ናቸው፣ ለልብስ ሰፊ ደግሞ ከጣት የሚቀድም የለም። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስንት ማለዳ እንዳለቀስኩ እኔ አውቃለሁ። ዛሬ እሰፋለሁ። ብርድ ሲሆን የግራ እግሬ አሁንም ይሰንፋል፣ ስለዚህ ሞተር ያለው የስፌት መኪና አስገብቻለሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። መደንዘዝ ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ አታድሩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ታማሚው መናገር ሳያቅተው በፊት በዓይን የምትግባቡበትን ምልክት ተስማሙ። ነርሷ ሳትፈቅድ በአፉ ምንም አትስጡ፣ ውሃም ቢሆን። ስለ እሱ አጠገቡ ቆማችሁ አታውሩ፤ ለእሱ አውሩለት፣ ስለ ጭራቅም ቢሆን። አስታማሚዎች ደግሞ፣ ተተኩ። አዲስ የሚገባው መጀመሪያ ይሳሳታል፤ ታገሱትና አስተምሩት።

ያገላበጡኝን ነርሶች፣ እውነቱን ሳይደብቅ የነገረኝን ሐኪም፣ ከእኔ ዘንድ በጊዜ እንዲደርስ ለገመቹ የማለዳ ተራቸውን የለቀቁለትን የመናኸሪያ ሾፌሮች እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዴ ጫልቱን ማመስገን አልችልበትም ነበር። በቅርቡ ግን የዓይን ሞራ ሊያስወጡ ጎባ ተኙ፤ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታውን አፍስሼ ጉንጫቸውን አራስኩት፣ ትራሳቸውንም አላስተካከልኩም፤ ተሳሳትኩ፣ ተማርኩ። ከሰዓት ገመቹ ሥራ ጨርሶ መጣ። "እማዬ፣ የሺ ደክሟታል፤ አሁን እኔ ልተካት?" አላቸው።

አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። አፋቸው ደህና ነው፣ መናገር ይችላሉ። ምንም አልተናገሩም። ያልተሸፈነውን ዓይናቸውን ወደ ታች አደረጉ።

"የሺ ትቆይ?"

ወደ ላይ።