ጀርባ ስጠው

አምስት ዓመት ሙሉ የጌዴኦን ዳገት የወጣሁት ከኪራይ ሞተረኛ ኋላ ተቀምጬ ነው። ሥራዬ በየገበሬው ማሳ እየዞሩ ቡናው ቀይ ቀዩ ብቻ መለቀሙንና ማጠቢያ ጣቢያው በሰዓቱ መድረሱን ማየት ነው። ሞተረኛው ሁሉ ዳገት ሲጀምር የሚለኝ አንድ ነበር፤ «አጥብቀሽ ያዥ!» መያዝ ሰለቸኝ።

መሥሪያ ቤታችን ለመስክ ሠራተኛ ሞተር ሊገዛ ሲወስን አለቃዬ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ሞተሩን ራስሽ ምረጪ። ግን ኮንጋ ዳገት ላይ ነድተሽ ታሳዪኛለሽ። ከወደቀ ብቻሽን ታነሺዋለሽ። ሰው ካነሳልሽ ዲላ መጋዘን ትገቢያለሽ፤ መስኩን ለወንድ እሰጠዋለሁ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሴት እንደማትችል እርግጠኛ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ከክፋት ይብሳል። መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ጋር ስውል ታየኝና ፈራሁ።

ዲላ ሞተር የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ፤ አባታቸው ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ። ደውዬ «ቀላል፣ ለሴት የሚሆን፣ የትኛውንም ዳገት የሚወጣ ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። ስደርስ ቀይ ስኩተር አሳጥበው በር ላይ ይጠብቁኛል።

«ቀላል አላልሽኝም ልጄ? ይቺ ማርሽ የላት፣ ፍሪሲዮን የላት፤ መሪ ይዞ መሄድ ነው። ሴቶቹ ሁሉ የሚወስዱት እሷን ነው።»

«ሐጂ፣ እኔ ቀላል ያልኩት ክብደቱን ነው!»

ካርቶን አስነጥፌ አስተኛኋትና ላነሳት ታገልኩ። ንቅንቅ አላለችም። ጎማዋ ትንሽ፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ፤ ኮንጋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ከወዲሁ ታየችኝ። ጥግ ላይ ደግሞ ጎማው ባለ ጥርስ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ቀጭን ሞተር ቆሟል። ስወጣበት መሬት የነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«እግርሽ አይደርስም ልጄ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።»

እሱንም ካርቶኑ ላይ አስተኛሁትና እንደምንም አነሳሁት። «ይሄን» አልኩ።

የፈተናው ቀን ሲዘንብ አድሮ ነጋ። ከይርጋጨፌ ወደ ኮንጋ ስንወጣ አለቃዬ በኪራይ ሞተር ከኋላዬ ይከተላሉ። የመጀመሪያውን ዳገት አለፍኩ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፤ እግሬ መሬት ፈለገ፣ አጣ። ሞተሩና እኔ በየፊናችን ወደቅን።

ሁለት ሰዎች ከአጥር ዘለው ሮጡ።

«አትንኩብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጠው ቆሙ።

አለቃዬ ወርደው እጃቸውን አጣምረዋል። መሪውን ይዤ ሳብኩት፤ ግማሽ ድረስ ተነስቶ ጭቃው አንሸራተተኝና መልሶ ወደቀ። ደገምኩት፤ ክንዴ ከዳኝ። ለካ ካርቶንና ጭቃ አንድ አይደሉም። ነዳጅ ይሸተኛል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ? አለቃዬ የሚያዩት እጄን ነበር።

ይሄኔ እሸት ቡና በጆንያ አዝለው ወደ ማጠቢያው የሚሄዱ አንዲት እናት አጠገቤ ቆሙ። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«በእጅ ምን ትታገላለህ? ጀርባ ስጠው!»

ደሜ ፈላ። እኔ ባደግኩበት አማርኛ ጀርባ መስጠት ትቶ መሄድ ነው።

«አልሰጠውም! ትቼው የምሄድ መሰለሽ?»

እናቴን የሚያህሉ ሴት በንዴት አንቺ አልኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም። ጆንያቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉና ሸክም እንደሚያነሳ ሰው ቁጢጥ ብለው የገዛ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እንዲህ! ሸክም በእጅ ይነሳል እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ዞሬ ጀርባዬን ኮርቻው ላይ አስደገፍኩ፤ በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው የኋላውን ብረት ያዝኩ፤ ተረከዜን ጭቃው ውስጥ ተክዬ ወደ ኋላ ገፋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጭቃው ጧ ብሎ ለቀቀውና ሞተሩ ቀስ እያለ በጀርባዬ ላይ ተነሳ። ሲቆም እንባዬ መጣ።

«ጎበዝ ነህ!» አሉ እናት፣ ጆንያቸውን መልሰው እያዘሉ።

ላርማቸው አልፈለግኩም።

አለቃዬ ጆንያቸውን አዝለው የሚሄዱትን እናት በዓይናቸው ተከተሉ። «እጃቸውን አላስገቡም» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያስረዱ ሁሉ። «በይ፣ ቀሪውን እንጨርስ።»

የኪራዩ ሞተረኛ ግን ከፊታችን ያለውን ዳገት አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ጭቃ ከዚህ በላይ አልወጣም።»

አለቃዬ ዳገቱን አዩ። ጫማቸውን አዩ። ከዚያ መጥተው ከኋላዬ ተቀመጡ። ከብዷቸው ይሁን አፍረው እንጃ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል።

ሞተሩን አስነሳሁ።

«አጥብቀው ይያዙ» አልኳቸው።