ውሃ አግኝቶ ነበር ወይ

ሶማሊያ ውስጥ ከታጣቂዎች ጋር ስለሚካሄደው፣ ማብቂያው ስላልታየው ጦርነት ማጥናትና ሪፖርት መጻፍ ለዓመታት ሥራዬ ነው። ከግዳጅ የተመለሱ ወታደሮችን ጳውሎስ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች እያገኘሁ አነጋግራለሁ። ደንባችን ጥብቅ ነው፤ ድምፅ አንቀዳም፣ ስም አንጽፍም። እያንዳንዱ ተጠያቂ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሪፖርቱ ሲታተም የማስታወሻ ደብተሮቹ ተቆራርጠው ይጣላሉ። ሰዎቹን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ነው፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል።

ቁስቋም፣ ከቤቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ልጃቸው በዚያ ጦርነት የሞተባቸው ጎረቤት አሉ። መርዶ ያመጡላቸው ሰዎች በግዳጅ ላይ መሰዋቱን ከመንገር አላለፉም። አንድ ቀን ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ በራቸው ላይ አስቆሙኝ።

«የዚያን አገር ጦርነት ትጽፋለህ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን ተዋጉ ብዬ አልጠይቅህም። አገሩ በረሃ ነው ይላሉ። ልጄ ሲሞት ውሃ አግኝቶ ነበር ወይ?»

አንድ ወታደር ስለ አንድ የቁስቋም ልጅ አጫውቶኝ ነበር። ልጁ ሙቀቱ ሲበረታ «የእንጦጦን ብርድ በፖስታ ላኩልኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር፤ በኋላ ሞተ። የሚሞት ጓደኛውን ራስ ደግፎ ከኮዳው ስላስጎነጨ ሰውም አስታወስኩ። ሁለቱ በአእምሮዬ አንድ ታሪክ ነበሩ።

«አግኝቷል» አልኳቸው። «ጓደኛው አጠጥቶታል።»

ግንባሬን ስመውኝ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በስድስት፣ በቁስቋም ማርያም ዕለት፣ በራቸው ላይ አንድ ጀሪካን ውሃና ሁለት ጣሳ ማስቀመጥ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ለሚወጣው ሁሉ ይቀዳሉ። ለምን እንደሆነ ለጠየቃቸው «ልጄን ላጠጣልኝ ሰው ነው» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ለሌላ ሥራ ብዬ ታትሞ የወጣውን ሪፖርቴን ሳገላብጥ ሁለቱ ታሪኮች ያሉበትን አንቀጽ አገኘሁት። የቀልደኛው ልጅ ታሪክ የተጠያቂ አራት ነው። የኮዳው ታሪክ ሥር የሰፈረው ግን ተጠያቂ አሥራ አንድ ነው። ቁስለኞችን ከግንባር የማንሳቱ ሥራ መዘግየቱን ለማሳየት ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ። ወይስ ተጠያቂ አራትም ስለ ውሃ ነግሮኝ ነበር? የሰውየውን ፊት ለማስታወስ ብሞክር የመጣልኝ የሻይ ብርጭቆው ብቻ ነው። ደብተሩ የለም። ቀልደኛው የእሳቸው ልጅ ለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ ነበረኝ?

ለሁለት ወር ያህል በሌላ መንገድ ዞሬ ገባሁ። በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ቀን፣ በራቸው ላይ ቆምኩ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ውሃውን ጨልጠው ጣሳውን ይመልሱ ነበር።

«ጠላ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ እሳለም ነበር!»

«ጠላ ቢሆንማ ከዚህ በራፍ አታልፍም ነበር!» አሏቸው።

ሽማግሌው እየሳቁ ሲሄዱ ለእኔ ቀዱልኝ። አልተቀበልኩም።

«እማማ፣ ስለ ውሃው የነገርኩዎትን እርግጠኛ አይደለሁም። የሁለት ሰዎችን ታሪክ አደባልቄ ሊሆን ይችላል።»

ውሃውን ወደ ጀሪካኑ መለሱት። «የጠጣው የሌላ ሰው ልጅ ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም አንጽፍም፣ እማማ።»

«ስሙን ሳትጽፉ ሰውን እንዴት ታስታውሱታላችሁ?»

«ቁጥር እንሰጣቸዋለን።»

«የእኔው ልጅስ ጠጥቶ ነበር?»

«አላውቅም።»

ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። ጀሪካኑን ያስገባሉ ብዬ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ሕፃን ያዘለች ሴት እያለከለከች ደረሰች። እሳቸው አልተነሡም፤ ጣሳውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቅዳላት። ደክሟታል።»

ቀዳሁላት። ጠጥታ ስታበቃ፣ ወሬውን ሰምታ ኖሮ፣ «የልጅዎን ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን» አሉ። ጣሳውን ከእሷ ተቀብለውም፣ «የጠጣውንም፣ ያልጠጣውንም።»

ቃላቸው ይኸው ይመስለኛል። ቤት እንደገባሁ ጻፍኩት፤ በላዩም ቁጥር ሳይሆን ስማቸውን አሰፈርኩ። ያ ደብተር አልተቆራረጠም።