የአልቃሿ ሲቪ

ሴትዮዋ ወደ ቺዩ ላን ፎቶ ቤት የመጣችው በቀጥታ ከቀረጻ ነው፤ ጆሮዋ ሥር ያልታጠበ ፓውደር ነበር። ሄንግዲየን የቻይና የፊልም ከተማ ስለሆነች ቺዩ ላንን እንዲህ ያለ ፊት አይደንቃትም። ዓይኗ ያረፈው የሴትዮዋ እጅ ላይ ነው። ትልቅ የወንድ ሰዓት አስራለች፤ እንዲጠብብላት ማሰሪያው በሚስማር ተበስቷል።

«ሲቪ ሥሪልኝ ልጄ፤ ለትወና ነው።»

«እስካሁን ምን ሲሠሩ ነበር እናቴ?»

«አልቃሽ ነኛ! ንጉሥ ሲሞት አለቅሳለሁ፤ የጦር አለቃ ሲሞት አለቅሳለሁ። ባለፈው ሰሞን ለፈረስም አስለቅሰውኛል።»

ቺዩ ላን ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው ልዩ ችሎታ የሚለው ላይ ማልቀስ ልበል?»

ሴትዮዋ ሰዓቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እሱን ተዪው። የት ተማርሽው ብለው ይጠይቁኛል። ነገ የምፈተነው ለሙሽራ እናትነት ነው፤ የምናገረውም አለኝ። መሳቅ በዪልኝ።»

«ይችሉበታል?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ አፏን በእጇ ከልላ ሳቀች፤ ኋላ ግን እጇን አወረደችና ከሆዷ ተንከተከተች። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ምን እንደተባለ ሳይሰሙ አብረዋት ሳቁ።

ቺዩ ላን ሴትዮዋ ያመጣችውን የተኮሳተረ ጉርድ ፎቶ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ካሜራዋን አነሳች።

«እንደዚሁ ይቆዩልኝ እናቴ፤ አፍዎን እንዳይገጥሙት!»