ለባቡሩ የተወቀረ ወፍጮ

ወጋየሁ ጡረታ የወጣ ለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ባሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሥር ጠጠር ሲደለድል የኖረ ሰው፣ ወገቡ እምቢ ብሎት ቤት ዋለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ሰው ሳይሞት ይገነዛል እንዴ፣ ተነስ እንጂ እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ።

አንድ ቀን ተነሳ። ሽቦውን ሐዲድ፣ የክብሪት እንጨቱን ከሥሩ የሚጋደም ግንድ፣ የቲማቲም ጣሳውን ባቡር አድርጎ ጣውላ ላይ የሞጆን ጣቢያ ይሠራ ጀመር፤ እኔን ያገባበትን አገር። የሰፈራችን የላፍቶ ሰው ጃጀ አለ። ይበል! እኔ አፉን ሲፈታ ሳይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጠጠሩ ግን አስቸገረው። የወንዝ አሸዋ አመጣ፤ ድቡልቡል ነው፣ ይንሸራተታል ብሎ ደፋው። ሸክላ ከሰከሰ፤ ቀላበት። ከቀበሌ ተሰልፌ ያመጣሁትን ጤፍ ሊበትንበት ሲል ደረስኩ፤ ያልኩትን እሱና እግዜር ይወቁት። በመጨረሻ ጠጠሩ ካልሆነ የልጅ መጫወቻ ነው አለና፣ ጣውላውን አልጋ ሥር ገፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

በማግስቱ ንዴቴን የምወጣበት ባጣ ወፍጮዬን መውቀር ያዝኩ። ድንጋዩ ልሙጥ ሲሆን እህል አይፈጭም፤ እየመቱ ማሻከር ነው። ድምፁን ሰምቶ ወጣ። ሊቆጣኝ ነው ስል ጎንበስ ብሎ ከጉልበቴ ሥር የረገፈውን ዘገነ። ጥቁር ነው፣ ሹል ነው፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። የሐዲድ ጠጠር ነው፣ ያውም ያነሰ።

ለጣቢያው ሁሉ ግን አይበቃም። ወፍጮው የእናቴ ነው፤ ስዳር ከሞጆ በባቡር አብሮኝ የመጣ፣ ከለገሃር ወጋየሁ በጀርባው የተሸከመው። ሳስቷል፤ ከዚህ በላይ ከተመታ ይሰነጠቃል። እሱም ያውቃል፤ ተይው፣ በቃ አለኝ።

«ሽሮ ጎረቤትም ይፈጫል» አልኩት። «አንተን ከየት አመጣለሁ?»

ወፍጮውን መታሁት። ከሰዓት በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠጠሩም በቃ። ወጋየሁ በማንኪያ እያፈሰሰ፣ በላባ እየጠረገ ደለደለው። ከጣቢያው በር ፊት የመጨረሻዋን ቆንጥሮ አስቀመጠና ቀና አለ።

«ያኔ ባቡሩ ወፍጮሽን ተሸክሞት መጣ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንግዲህ ተራው የወፍጮሽ ነው፣ ውብነሽ።»

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩና የጣሳ ባቡሩን በጣቴ ገፋሁት። ጠጠሩ ንቅንቅ አላለም።